ጋሽ ስሙን ጥራ እና የመስኮቱ ሕግ

በቧንቧ ሥራ ማሰልጠኛው ግቢ ውስጥ፣ ከወርክሾፑ ቀጥሎ፣ የብረት ፍርግርግ ያላት አንዲት ጠባብ መስኮት ነበረች። ከመስኮቷ ወዲያ ሁለት መቶ አሥራ አራት መሣሪያዎች፣ በመሣሪያዎቹ መካከል ደግሞ አንድ ሰው ይኖር ነበር። ይኖር ነበር ማለት ማጋነን አይደለም። ሰውየው ቤትም ሚስትም ያለው፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ ያበቃ ሰው ነው። ሚስቱ ግን "እኔ ዘንድ የሚያድረው በእንግድነት ነው" እያለች ለጎረቤት ትናገራለች።

ሰውየው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም መታወቂያው ላይ ብቻ ቀርቷል፤ መታወቂያውም ጊዜው ሊያልፍ ሁለት ወር ነበር የቀረው። በግቢው ውስጥ ጋሽ ስሙን ጥራ ነው የሚባለው። ይህን ስም ሰልጣኞቹ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አውጥተውለት፣ አንዱ ዙር ለሌላው ዙር እያወረሰው እዚህ ደርሷል። እሱም እንዳልሰማ ይሆናል እንጂ በልቡ ይኮራበታል።

ስሙ የመጣው ከመስኮቱ ሕግ ነው። መሣሪያ የሚፈልግ ሰው መስኮቷ ጋ ቀርቦ የመሣሪያውን ስም አጥርቶ መጥራት አለበት። በጣት መጠቆም ክልክል ነው። "ያ ነገር"፣ "እሱ፣ እዚያ የተሰቀለው"፣ "ያ ጥርሳሙ" ማለት ከባድ ጥፋት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ ጋሽ ስሙን ጥራ ሁለት ክንዱን ደረቱ ላይ ያጣምርና "ስሙን ጥራ!" ይላል። ድምፁ ወርክሾፑን አቋርጦ ሻይ ቤቱ ድረስ ይሰማል። ስሙን ያልጠራ ከሰልፉ ወጥቶ እንደገና ከኋላ ይሰለፋል።

"ውሻ እንኳ ስሙን ካልጠራኸው አይመጣልህም" ይላል፤ "ብረት ደግሞ ከውሻ የበለጠ ኩሩ ነው።"

መሣሪያዎቹን እንደ ሕፃን ነው የሚይዛቸው። ጠዋት ጠዋት ዘይት በነካ ጨርቅ አንድ በአንድ ይወለውላቸዋል። ሰልጣኞቹ ትልቁን የቧንቧ መፍቻ "አንቱ" ነው የሚለው እያሉ ያሙታል። ሐሜት ነው። "አንተ" ነው የሚለው፤ ግን በአክብሮት።

ታዲያ በዚያ ዙር መጀመሪያ ላይ ዳይሬክተሩ ሠራተኛውን ሰብስቦ መርዶ ነገረ። ባለፉት ሁለት ዙሮች ከገቡት ሠላሳ ሠላሳ ሰልጣኞች ግማሹ እንኳ አልጨረሰም። በዚህ ዙር ፈተና ላይ የሚቀመጡት ሃያ ካልሞሉ የቧንቧ ክፍሉ ይዘጋል፤ መሣሪያዎቹም ወደ ሌሎች ማዕከሎች ይበተናሉ።

ጋሽ ስሙን ጥራ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማት የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። ይበተናሉ። ግምጃ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋና ትልቁን መፍቻ ካለበት አንሥቶ መልሶ እዚያው ሰቀለው።

ሰዎች ለምን እንደሚያቋርጡ ሁሉም የየራሱ እውቀት ነበረው። ዳይሬክተሩ የዘመኑ ሰው ትዕግሥት የለውም ይላል። ቀጭኑ የቧንቧ መምህር አውቶቡሱን ይወቅሳል። ጋሽ ስሙን ጥራ ደግሞ ስልክን። "እጁ ላይ ስልክ ያለ ሰው መፍቻ በምን ይይዛል?" ይላል። መስኮቷን የጠረጠረ አልነበረም። በእርግጥ መስኮቷን ማን ይጠረጥራል፤ በማዕከሉ ውስጥ በሰዓቱ የሚከፈት ነገር ቢኖር እሷ ብቻ ናት።

በሁለተኛው ሳምንት ዳይሬክተሩ ከዩኒቨርሲቲ አንዲት ወጣት አጥኚ ይዞ መጣ።

"ምን ልታጠና ነው?" አለ ጋሽ ስሙን ጥራ።

"ሶሲዮሎጂ ነው ትምህርቷ። ሰው አንድን ነገር ለምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሚተው ታጠናለች።"

"እሱማ የሚስቴ ሥራ ነው። ያውም ያለ ዲግሪ።"

አጥኚዋ ባዶ የቀለም ባልዲ ደፍታ ከመስኮቷ ጎን ተቀመጠች። ደብተር አውጥታ ትጽፋለች፤ አንዳንዴ ቃል፣ አንዳንዴ አጭር መስመር። ጋሽ ስሙን ጥራ የንብረት ቁጥጥር ተላከብኝ ብሎ ደነገጠና በዚያው ቀን መሣሪያዎቹን ሦስት ጊዜ ቆጠራቸው። ሦስቱንም ጊዜ ሁለት መቶ አሥራ አራት ሆኑ። ተመስገን ብሎ በማግስቱ ወደ እሷ ቀረበ።

"የኔ ልጅ፣ የምትፈልጊው መሣሪያ አለ?"

"የለም ጋሼ። እኔ ሰዎቹን ነው የማየው።"

"ሰዎቹ እዚህ ምን ይሠራሉ ብለሽ? መሣሪያቸውን ይዘው መሄድ ነው።"

"እኔ የማየው ሳይዙ የሚሄዱትን ነው" አለች።

ይህን ነገር እስከ ምሳ ሰዓት ሲያመነዥከው ቆየ። ከምሳ በኋላ ተወው።

ከሰልጣኞቹ መካከል ኩንታል የሚሉት አንድ ግዙፍ ሰው ነበር። ጠዋት ጠዋት ከገበያው ጀርባ ካለው የእህል መጋዘን ጭነት ያወርዳል፤ ከሰዓት ወደ ስልጠናው ይመጣል። ዕድሜው ሠላሳ ስድስት፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ለምን ቧንቧ እንደመረጠ ሲጠይቁት "እኔ ሳልጠይቅ ጀርባዬ ጡረታ ጠየቀ" ይላል። እጆቹ የበር ያህል ቢሰፉም ቱቦ ሲገጥሙ ግን እንደ ልብስ ሰፊ ጣት ይጠነቀቃሉ፤ መምህሩ ይህን አይቶ በልቡ ምልክት አድርጎበት ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን መምህሩ ኩንታልን መፍቻ አምጣ ብሎ ላከው። ከኋላው አሥር ሰው ያህል ተሰልፏል።

"ጋሼ፣ ያንን ይስጡኝ።"

"የትኛውን?"

"ያንን... አፈ ሰፊውን።"

"አፈ ሰፊ ብዙ አለ፤ ከኋላህም ተሰልፏል። ስሙን ጥራ!"

ሰልፉ ሳቀ። ኩንታልም ፈገግ ብሎ አንገቱን አሸ።

"ምላሴ ላይ ነው ጋሼ።"

"አውርደዋ! ጭነት ማውረድ ሥራህ አይደል?"

አሁንማ ሰልፉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ኩንታልም ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ ሳቀ። ከዚያ የደረት ኪሱን መታ መታ አደረገና "ለካ መነጽሬን ረስቻለሁ፤ አምጥቼ እመለሳለሁ" ብሎ ሄደ።

አልተመለሰም። ያን ቀንም፣ በማግስቱም።

ጋሽ ስሙን ጥራ ቀልዱን ቤቱ ሲደርስ ለሚስቱ አወራላት። አልሳቀችም። ከጓዳ "ጠብ... ጠብ..." የሚል ድምፅ ይሰማል። የቤታቸው ቧንቧ ማንጠባጠብ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከሥሩ ድስት ተደቅኖበታል። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች እንዲሉ፣ የሁለት መቶ አሥራ አራት መሣሪያ ጌታ ቤቱ አንድ ካቻቢቴ የለም።

"ሰውዬውስ?" አለች ሚስቱ።

"የቱ ሰውዬ?"

"ያ ባለ ጭነቱ። መነጽሩን አምጥቶ ተመለሰ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? አውቶቡስ ይሆናል።"

በዚያው ሰሞን የመታወቂያው ነገር ስላሳሰበው አንድ ቀን አስፈቅዶ ወደ መታወቂያ መስጫው ቢሮ ሄደ። ወረፋው ረጅም ነው። ተሰልፎ፣ ተሰልፎ፣ ሰዓት ተኩል ቆሞ ተራው ደረሰ። ከመስታወቱ ወዲያ ያለችው ጸሐፊ ቀና ሳትል፦

"ቅጽ ስንት?"

"መታወቂያ ላሳድስ ነው ልጄ።"

"እሱማ ሁሉም ሊያሳድስ ነው። ቅጽ ስንት? ስምንት ነው፣ ስምንት ለ ነው፣ አሥራ አንድ ነው?"

ጋሽ ስሙን ጥራ ስለ ቅጽ የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ከኋላው አንዱ ተነፈሰ፤ አንዷ ሰዓቷን አየች። አንድ ልጅ ያዘለች ሴት "ምን ሆኖ ነው?" ስትል ሰማ። ጆሮው ጋለ። አፉም ማንም ሳያዘው እንዲህ አለ፦

"ለካ መነጽሬን ረስቻለሁ። አምጥቼ እመለሳለሁ።"

ጸሐፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

"አባቴ፣ መነጽርዎ እኮ ግንባርዎ ላይ ነው።"

"ይሄ... ይሄ የሩቁ ነው" አለና ወጣ። የሩቅ መነጽር ኖሮት አያውቅም። ለሚስቱ ቢሮው ዝግ ነበር አላት። እሷም እሺ አለች፤ እሺታዋ ግን ቢሮው ክፍት እንደነበረ ያወቀች ሴት እሺታ ነበር።

አምስተኛው ሳምንት ሲያልቅ አጥኚዋ ባልዲዋን ወደ መስኮቷ አስጠግታ ደብተሯን በፍርግርጉ ሥር ገፋችለት።

"ጋሼ፣ ይህን ለማንም ሳላሳይ መጀመሪያ እርስዎ እንዲያዩት እፈልጋለሁ። መስኮቷ የእርስዎ ናት።"

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደና አነበበ። በአራት ሳምንት ውስጥ ሰዎች አርባ ሰባት ጊዜ ከመስኮቷ ባዶ እጃቸውን ተመልሰዋል። ሲመለሱ ያሉትን በሙሉ ጽፋዋለች። "ቆይ እመጣለሁ" ያለው በዝቷል። "ስልኬ ጠራ"፤ ስልኩ ግን አልጠራም። "መምህሩን ልጠይቅ"፣ "ኧረ ለካ አያስፈልገኝም"፣ "ጓደኛዬ ይዞታል"። ካቋረጡት ዘጠኝ ሰዎች ሰባቱ ከማቋረጣቸው በፊት ባለው ሳምንት ከዚህች መስኮት ባዶ እጃቸውን ሄደዋል። መሣሪያ ያልያዘ ሰው አይለማመድም፤ ያልተለማመደ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወደ ኋላ የቀረ ደግሞ አንድ ቀን አውቶቡስ ያመልጠዋል።

ጋሽ ስሙን ጥራ ሰበቦቹን እያነበበ ሳቀ። "ስልኬ ጠራ ይላል እንዴ! አይ የሰው ነገር!" አለ። ሳቁ መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ ቆመ።

"መነጽሬን ረሳሁ አለ። መነጽር የለውም። ተመልሶ አልመጣም።"

እጁ ሳያስበው ወደ ግንባሩ ሄደ።

"ስንፍና አይደለም ነው የምትይው?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"የማያውቅ ሰው ብዙ ነው ጋሼ። ሊማር አይደል የመጣው? ሰው እያየው አለማወቅ ግን ይከብዳል። ከፍርግርጉ በላይ የመሣሪያዎቹን ሥዕል ብንሰቅልስ ብዬ አስቤ ነበር።"

"ሥዕል!" አለ። "እኔ በሥዕል አይደለም የተማርኩት። በጩኸት ነው!" ደብተሩን መልሶ ገፋላት። ያን ቀን መስኮቷን ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ዘጋ። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ማምሻውን ለሚስቱ አቤቱታውን አሰማ። እሱ በልጅነቱ የተቀጠረበት ጋራዥ ባለቤት እንዴት ይጮህ እንደነበር፣ ስም ለሳተ ሰው ሞረድ ይወረውር እንደነበር፣ በዚያ ጩኸት ሁለት መቶ ስም እንዴት እንዳወቀ። "ሰው ያደረገኝ ያ ጩኸት ነው!" አለ።

ሚስቱ ከድስቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ባልዲ ላይ ገለበጠችና ድስቱን መልሳ ደቀነችው።

"አንተ ሰውዬ፣ ያ አንድ ዓይናው ሽማግሌ ማን ነበር ያልከኝ?"

"የቱ?"

"በተጋባን ሰሞን ቀን በቀን የምትመርቀው። ባለጋራዡ 'አምጣ!' ብሎ ሲጮህ ከኋላህ የሚቆመው።"

ጋሽ ስሙን ጥራ ሽማግሌው ትዝ አለው።

ሽማግሌው በሞረድ ብረት የሚስል መስሎ ከኋላው ይቆማል። ብረት መጋዝ ሲፈለግ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ "ሰጌቶ በል" ይለዋል። "ፒንሳ በል። ትንሿን።" እሱም እንደሚያውቅ ሰው ደረቱን ነፍቶ "ሰጌቶ!" ይላል። ጩኸቱን ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያመሰግን ኖሮ፣ ያንሾካሾከለትን ሰው ረስቶታል።

"ነፍሱን ይማር" አለ በመጨረሻ።

"አሜን" አለች ሚስቱ። "አሁን ደግሞ ያ ቢሮ ዝግ እንዳልነበረ ንገረኝ።"

ነገራት። የመነጽሩን ነገር ሲደርስ ወንበር ይዛ ነው የሳቀችው። እሱም አልቀረለትም፤ መጀመሪያ ተቆጣ፣ ከዚያ ሳቀ። "ኩንታልንም እኮ እንዲሁ ነበር ያደረግሁት" አለ። ሚስቱ እራቱን አቀረበችለት። አንዳንድ ጊዜ እንደ እሷ የተማረ ሰው የለም።

በማግስቱ ግምጃ ቤቱ ውስጥ አንድ ትልቅ ጣውላ ገባ። ጋሽ ስሙን ጥራ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ እያጋደመ ዙሪያቸውን በእርሳስ ቀረጸ፤ ቀረጻውን ቀይ ቀለም ቀባው፤ ከሥሩ ስማቸውን ጻፈ። ሦስት ቀን ፈጀበት። ከዚያ ጣውላውን ከመስኮቷ ፊት ለፊት ሰቀለና ለተሰለፈው ሰው አዲሱን ሕግ አወጀ።

"ከዛሬ ጀምሮ ስትወስዱ በጣታችሁ አሳዩኝ። በዓይናችሁም ብትጠቅሱ ይበቃል። ስትመልሱ ግን ስሙን ትጠራላችሁ!"

አጥኚዋ መጻፏን አቆመች።

"ስንመልስ? ጋሼ፣ እኔ ሥዕሉን እንጂ ይህን አላሰብኩትም። ከየት አመጡት?"

"ግማሽ ቀን አብሯቸው የዋለ መሣሪያ ስሙን ራሱ ይነግራቸዋል። ላብ በነካው ነገር ምላስ አይሳሳትም።" ከዚያም ጎንበስ ብሎ "ደግሞ የኔ ልጅ፣ ጭራሽ ሳልጮህ መዋል አልችልም፤ ያመኛል" አላት።

ሰልጣኞቹ መጀመሪያ ወጥመድ መሰላቸው። አንዲት ሴት ሰልጣኝ ጣቷን ወደ ውሃ ልኩ በፍርሃት ዘርግታ ሲሰጣት፣ "ጋሼ፣ አሞዎታል እንዴ?" ብላ ጠየቀችው። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሰልፉ ረዘመ። ማታ መሣሪያ ሲመልሱ ገና ከወርክሾፑ በር ጀምሮ "ሞርሳ!" "ቱንቢ!" "ሰጌቶ፣ ጥርሰ ደቃቋ!" እያሉ ይመጣሉ። ጋሽ ስሙን ጥራም "ምነው፣ የእኔን መስኮት ገበያ አደረጋችኋት!" እያለ ይቆጣል፤ ሲቆጣ ግን ጥርሱ ይታያል። የመለሰውን መሣሪያ ስም የዘነጋ ሰው ሲገጥም ደግሞ ከኋላ ያለው ያንሾካሹክለታል። በዚያች ቅጽበት የኃላፊው ጆሮ ድንገት ይደክማል፤ ፊቱን አዙሮ የተወለወለ መፍቻ ይወለውላል።

ነገር ግን ቁጥር ቁጥር ነው። ሕጉ ሲለወጥ የቀሩት ሃያ አንድ ነበሩ። አንዷ ወለደች። አንዱ ሥራ አግኝቶ ሌላ ከተማ ሄደ። ለእነዚህ ሶሲዮሎጂም መድኃኒት የለውም። አሥራ ዘጠኝ ቀሩ፤ ለፈተናው ደግሞ ስድስት ሳምንት ነበር የቀረው።

መምህሩ "ካቋረጡት አንድ ሰው የጎደለውን የልምምድ ሰዓት ቢያሟላ መፈተን ይችላል" አለ። አጥኚዋ ስልክ ደወለች። የኩንታል ስልክ ይጠራል፤ አይነሣም።

"ተዪው" አላት ጋሽ ስሙን ጥራ። "ያባረርኩት በስልክ አይደለም።"

በማግስቱ ጠዋት መጋዘኑ ደረሰ። ጋቢና ድረስ ዱቄት የለበሰ የጭነት መኪና ቆሟል። ከመኪናው እስከ መጋዘኑ በር ተጋዳሚ ሳንቃ ተዘርግቷል፤ አውራጆቹ አንድ በአንድ ተሰልፈው ጆንያ እየተሸከሙ ይወርዳሉ። መኪናው ላይ ቆሞ የሚያሸክማቸው ኩንታል ነው። ጋሽ ስሙን ጥራን ሲያይ ጆንያውን ቁጭ አደረገ።

"እሰይ! ጋሼ! ምን ልስጥዎት?"

"አንተን ልወስድ ነው የመጣሁ።"

"እኔን በኋላ። መጀመሪያ ዕቃ ይውሰዱ። ይቺን ይፈልጋሉ?" ትከሻው ላይ ያለችውን፣ ታጥፋ ታጥፋ የተሰፋች ወፍራም የጆንያ ቁራጭ አነሣ። ከዚያ በግቢው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ "ስሟን ይጥሩ!" አለ።

አውራጆቹ ቆሙ። ዱቄት የለበሱ አሥራ አምስት ፊቶች ዞሩ።

"ጆንያ ናት" አለ ጋሽ ስሙን ጥራ።

"መሬት ላይ ጆንያ ናት። ትከሻ ላይ ስትወጣ ሌላ ስም አላት። ስሟን ይጥሩ!"

"እኔ እንጃ።"

"እንግዲያው ከኋላ ይሰለፉ!"

ግቢው በሳቅ ተናወጠ። ጋሽ ስሙን ጥራ ጆሮው ጋለ። ለካ መነጽሬን ረስቻለሁ የሚለው ቃል ምላሱ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። ኮቱን አስተካከለና ሄዶ ከአውራጆቹ ሰልፍ መጨረሻ ቆመ።

ኩንታል ይህን አልጠበቀም። ሳቁ ቀስ እያለ ከሰመ። ሥራ ሥራ ነውና ማሸከሙን ቀጠለ፤ ሰልፉም አንድ አንድ እርምጃ እያለ ቀረበ። ጋሽ ስሙን ጥራ ከኮቱ ጋር፣ በዱቄት ብናኝ መካከል፣ ተራውን ጠበቀ። ከፊቱ ያለው ሸበቶ አውራጅ ጆንያውን ሊቀበል ሲል ወደ ኋላ ሳይዞር፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፦

"አማት በል" አለ።

ጋሽ ስሙን ጥራ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዱቄቱ ይሆናል።

ተራው ደረሰ። "አማት!" አለ።

"አማት ናት!" አለ ኩንታል፣ አሁን ከልቡ እየሳቀ። "ትከሻ ላይ ወጥታ አትወርድም። ግን ከሌለች ትከሻ ይላጣል።"

ከመኪናው ዘሎ ወረደ። ሁለቱ ከሳንቃው ጎን ቆሙ።

"ያን ቀን 'ጭነት ማውረድ ሥራህ አይደል' ያልኩህ..." አለ ጋሽ ስሙን ጥራ፣ "እንግዲህ ያንን ቃል እስከ ዛሬ እኔው ተሸክሜዋለሁ። አውርድልኝ።"

ኩንታል መሬት መሬት አየ።

"ስሙን እኮ አውቀው ነበር ጋሼ። የቧንቧ መፍቻ። ማታ ማታ ለልጆቼ እነግራቸው ነበር። እዚያ ስቆም፣ ያ ሁሉ ሰው ከኋላዬ ሲሆን፣ ብን አለብኝ።"

"እኔም የራሴን መታወቂያ አልወሰድኩም" አለ ጋሽ ስሙን ጥራ፤ የቢሮውንም ታሪክ ግንባሩ ላይ እስካለው መነጽር ድረስ ነገረው። ኩንታል ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ሳንቃው ላይ ተቀመጠ።

"ነገ ና" አለው። "መነጽርህን ይዘህ።"

"መነጽር የለኝም እኮ።"

"አውቃለሁ። የእኔን አውስሃለሁ፤ ግንባሬ ላይ ሥራ ፈታ ነው የምትውለው።"

ከዚያ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ ግምጃ ቤቱ ከሥራ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድሞ ይከፈት ነበር። ኩንታል ወደ መጋዘኑ ከመሄዱ በፊት ሞርሳው ላይ ቱቦ አሥሮ ይቆርጣል፣ ጥርስ ያወጣል፣ ይገጥማል። ጋሽ ስሙን ጥራ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይመለከተዋል፤ ዝም ብሎ። ከሥራዎቹ ሁሉ የከበደው ይህ ዝም ማለት ነበር። ሚስቱ "ዘንድሮስ ለእንግድነቱም አልታደልኩ" ትላለች፤ ግን ቁርሱን ለሁለት ሰው እያደረገች ነበር የምትቋጥርለት።

የፈተናው ቀን አሥራ ዘጠኙ በሰዓቱ ተገኙ። ሃያኛው የለም። መምህሩ በር ላይ ይመላለሳል። ዳይሬክተሩ ሰዓቱን ያያል። ጋሽ ስሙን ጥራ መሣሪያዎቹን ቆጠረ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት ሆኑበት፤ ደግሞ ሲቆጥር ሁለት መቶ አሥራ አምስት። "ጌታዬ፣ ዛሬን ብቻ" አለ ወደ ጣሪያው። ፈታኙ በሩን ሊዘጋ እጀታውን ሲይዝ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ዱቄት የለበሰ ግዙፍ ሰው እየሮጠ ገባ።

"መኪናው ዘግይቶ..." አለ ኩንታል እያለከለከ። ፈታኙ በዓይኑ ለካውና የሥራ ወረቀቱን ሰጠው።

ኩንታል ወረቀቱን አይቶ ወደ መስኮቷ መጣ። ከኋላው ስድስት ሰው ተሰለፈ። ጣቱን ማንሣት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። አላነሣም። ደረቱን ነፍቶ፣ ሻይ ቤቱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፦

"የቧንቧ መፍቻ! ትልቁን!"

"ስትመልስ ነው እኮ የሚባለው" አለ ጋሽ ስሙን ጥራ።

"ለእርስዎ ብዬ ነው ጋሼ።"

ትልቁን መፍቻ ከተሰቀለበት አወረደ፤ በጨርቁ አንድ ጊዜ ጠረገና በሁለት እጁ ሰጠው። ከሃያዎቹ አሥራ ስምንቱ አለፉ፤ ኩንታል ከላይ ሦስተኛ ሆነ። የቧንቧ ክፍሉ አልተዘጋም፤ ሁለት መቶ አሥራ አራቱም መሣሪያዎች፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬም እዚያው ናቸው። አጥኚዋ ጽሑፏን ስትጨርስ ስለ መስኮቷ የጻፈችውን አንብባለት ነበር። ጽሑፉ ውስጥ "የግምጃ ቤት ሠራተኛ" ብላው ስለነበር "ኃላፊ በይ" ብሎ አሳረማት። ከዚህ ሌላ ስሕተት አላገኘበትም።

የኩንታል የመጀመሪያ ሥራ የጓዳው ቧንቧ ነበር። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። ሚስትየዋ መርቃ ሸኘችው፤ ግን ሦስት ዓመት የለመደችው ጠብታ ጠፍቶባት ሁለት ቀን እንቅልፍ አጣች።

ጋሽ ስሙን ጥራም ወደ መታወቂያው ቢሮ ተመለሰ። ተሰልፎ ደረሰ።

"ቅጽ ስንት?"

"አላውቅም ልጄ" አለ፣ ለመስኮት በለመደው ድምፁ። አዳራሹ ሁሉ ሰማ። ከኋላው የቆመች ሴት "እፎይ፣ እኔም አላውቅም" አለች። ከእሷም ኋላ ሌላው "እኔም"። ጸሐፊዋ ሰልፉን አየችና ተነሥታ ሦስቱንም ቅጾች መስታወቱ ላይ ለጠፈቻቸው። ጋሽ ስሙን ጥራ "ቅጹን ሲመልሱ ብትጠይቂያቸው ነው የሚሻለው" ብሎ ሊመክራት ነበር፤ ፎቶ አንሺው ጠራው።

አዲሱን መታወቂያ ይዞ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ተቀብላ ወደ ብርሃን ጠጋ አደረገችው። በፎቶው ላይ ሰውየው ደረቱን ነፍቷል፤ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ተቀምጧል።

"ይሁን" አለች። "እንግዲህ መታወቂያው እስኪታደስ ድረስ መነጽርህ አይጠፋም።"